ፍሊንት፦ የነዋሪው ጥያቄ ላቦራቶሪ ሲገባ

ፍሊንት በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የምትገኝ፣ ቀውሱ ሲጀምር ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የነበራት ከተማ ናት። ጀነራል ሞተርስ የተመሠረተው እዚያ ነው። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ሥራውም ሰውም ጥሏት ሄደ። ከቀረው ነዋሪ ከግማሽ በላዩ ጥቁር ነው። በቀውሱ ጊዜ ከ10 ሰው 4ቱ ገደማ በድህነት ይኖር ነበር። ይህች ከተማ ከ2014 ጀምሮ የገባችበት የውሃ ቀውስ በዓለም ሁሉ ተወርቷል። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ፍሊንት ከተጻፈው አብዛኛው የመንግሥትን ጥፋት የሚያወራ ነው። ተገቢም ነው። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው። ቀውሱ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ገብተዋል። አንዱ ከሌላ ግዛት መጣ፤ ሁለቱ የዚያው ግዛት ናቸው። ከሕዝቡ ጋር አብረው ሠርተዋል፤ ከሕዝቡ ጋር የተጣላም አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ምክንያቱም በስምምነቱም ሆነ በጠቡ ጊዜ ሳይንሱ ያው ሳይንስ ነበር። የተለወጠው ጥያቄውን የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ነው።

ውሃው እንዴት ተበላሸ

ከተማዋ ገንዘብ አጥሯት ስለነበር የምትተዳደረው የግዛቱ መንግሥት በሾመው የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳዳሪ ነበር። ምክር ቤትም ከንቲባም ነበሩ፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የእነሱ አልነበረም። ፍሊንት ለአሥርት ዓመታት የተጣራ ውሃ ከዲትሮይት ትገዛ ነበር። በኋላ ከሂዩሮን ሐይቅ በአዲስ መስመር ለማስመጣት ታሰበ። መስመሩ እስኪያልቅ ድረስ፣ ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 2014 ከተማዋ ከፍሊንት ወንዝ መጠጣት ጀመረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መረዳት ያስፈልጋል። ችግሩ ወንዙ ብቻ አልነበረም። በብዙ አሮጌ ቤቶች ከዋናው መስመር ወደ ቤት የሚገባው ቧንቧ የተሠራው እርሳስ ከተባለው መርዛማ ብረት ነው። የዲትሮይት ውሃ ውስጥ ኦርቶፎስፌት የሚባል ኬሚካል ይጨመር ነበር። ይህ ኬሚካል ከቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ እስካለ ድረስ እርሳሱ ከውሃው ጋር አይገናኝም። የወንዙ ውሃ በክሎራይድ የበዛና ብረት የሚበላ ነው። እሱ ላይ ግን ኬሚካሉ አልተጨመረም። ሕጉ ያስገድዳል፤ አልተደረገም። ሽፋኑ መላጥ ጀመረ።

ነዋሪው ወዲያው ነው ያወቀው። ውሃው ቡናማ ሆነ። ሸተተ። ቆዳ ላይ ሽፍታ አመጣ። በዚያው ዓመት ክረምት ባክቴሪያ ተገኝቶ "አፍልታችሁ ጠጡ" የሚል ማስጠንቀቂያ በተደጋጋሚ ወጣ። ኦክቶበር ላይ የጀነራል ሞተርስ የሞተር ፋብሪካ የሚሠራቸው ዕቃዎች ስለዛጉበት በከተማው ውሃ መጠቀም አቆመ። ለብረት ያልሆነው ውሃ ግን ለሰው ይሆናል ተባለ። ሰዎች ቡናማ ውሃ በጠርሙስ ይዘው ስብሰባ ላይ ይወጡ ነበር። የሚሰጣቸው መልስ ያው ነበር፦ ውሃው መስፈርቱን ያሟላል።

አንዲት እናት፣ አንድ ስልክ

ሊአን ዋልተርስ የአራት ልጆች እናት ናቸው። ልጆቻቸው ሽፍታ ሲያወጡ፣ ፀጉራቸው ሲረግፍ ዝም አላሉም። በፌብሩዋሪ 2015 የቤታቸው ውሃ ሲለካ በሊትር 104 ማይክሮግራም እርሳስ ተገኘ። የፌዴራሉ ሕግ እርምጃ ይወሰድበት የሚለው ልክ 15 ነው። ለጤና ግን ምንም ዓይነት የእርሳስ መጠን ደህና አይባልም። በተለይ ለሕፃናት አእምሮ።

እኚህ ሴት ሚጌል ዴል ቶራል የተባሉ የፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ባለሙያ ዘንድ ደረሱ። ባለሙያው ነገሩን ከቁም ነገር ቆጥረው በማስታወሻ ጽፈው አለቆቻቸው ፊት አቀረቡት። ዋልተርስ በዴል ቶራል በኩል ደግሞ ከማርክ ኤድዋርድስ ጋር ተገናኙ። ኤድዋርድስ በቨርጂኒያ ግዛት ባለው ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ፕሮፌሰር ናቸው። ከዚያ በፊት በዋሽንግተን ዲሲ በተከሰተ ተመሳሳይ የእርሳስ ችግር ከመንግሥት ተቋማት ጋር ለዓመታት የተሟገቱ ሰው ናቸው።

ቨርጂኒያ ቴክ ከፍሊንት በመኪና አንድ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በስልክ ተሠራ። ፕሮፌሰሩ እየነገሩ ዋልተርስ ከማድ ቤታቸው ቧንቧ ወደ 30 የሚጠጋ ናሙና ቀዱ። ላቦራቶሪ ሲለካ ዝቅተኛው 217፣ ከፍተኛው 13,200 ሆኖ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ከ5,000 በላይ እርሳስ ያለበት ፈሳሽ አደገኛ ቆሻሻ ተብሎ ነው የሚመዘገበው።

ይህን ክፍል ሳስበው አንድ ነገር አይለቀኝም። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ያደረጉት ማዳመጥ ነው። ንድፈ ሐሳብ ይዘው ነዋሪ ፍለጋ አልወጡም። ጥያቄውን፣ ጥርጣሬውን፣ የመጀመሪያውን መረጃ ይዘው የመጡት እናትየዋ ናቸው።

300 ሣጥኖች

የዴል ቶራል ማስታወሻ በጁላይ 2015 በጋዜጠኛ እጅ ወጥቶ ሲታተም የግዛቱ ባለሥልጣናት አጣጣሉት። የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ በሬዲዮ ወጥተው ስለ እርሳስ የሚጨነቅ ሰው ዘና ይበል አሉ። አንድ ቤት አንድ ቤት ነው፤ ከተማውን አያሳይም የሚል ክርክር ነበር። ክርክሩ ከሳይንስ አንጻር ልክ ነው። ስለዚህ መልሱ ከተማውን ሁሉ መለካት ሆነ።

በኦገስት የቨርጂኒያ ቴክ ቡድን 300 የናሙና ሣጥኖች አዘጋጀ። የቡድኑ አባላት አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ የሠሩትም በበጎ ፈቃድ ነው። በየሣጥኑ ሦስት ጠርሙስ አለ፦ አንዱ 1 ሊትር፣ ሁለተኛው 500 ሚሊ ሊትር፣ ሦስተኛው 125 ሚሊ ሊትር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃው ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይነካ ይደር። ጠዋት የመጀመሪያው ውሃ በትልቁ ጠርሙስ ይቀዳ። ከዚያ 45 ሰከንድ ይፍሰስና ሁለተኛው ይቀዳ። በመጨረሻ 2 ደቂቃ ፈስሶ ሦስተኛው። ሦስት የሆነበት ምክንያት አለው። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ያደረውን ውሃ ያሳያል። ቀጥሎ የሚመጣው ከደጅ ያለው ቧንቧ ውስጥ የቆመው ነው። መጨረሻ ላይ ከዋናው መስመር የሚመጣው ይደርሳል። ሦስቱ ሲነጻጸሩ መርዙ ከየት እንደሚነሳ ፍንጭ ይሰጣሉ።

ከመንግሥቱ አለካክ ጋር አስተያዩት። እዚያ ናሙና ሰጪው ማታ ቧንቧውን ለ5 ደቂቃ ከፍቶ እንዲያፈስ ይነገረው ነበር። ይህ የተጠራቀመውን እርሳስ ጠርጎ ያወጣል። የጠዋቱ ናሙና የጠራ ይመስላል። በ2015 የመጀመሪያ አጋማሽ በመንግሥት በኩል የተሰበሰበው 71 ናሙና ብቻ ነበር። ከእሱም ሁለቱ ከዝርዝሩ ወጡ። አንደኛው የዋልተርስ 104 ነው። ሁለቱ ሲወጡ ከተማዋ ከልኩ በታች ሆነች። ቢቆዩ ኖሮ ከልኩ በላይ ትሆን ነበር።

ሣጥኖቹን ያደሉት ነዋሪዎቹ ናቸው። እናቶች፣ ፓስተሮች፣ የመብት ድርጅት ሠራተኞች። በየሰፈሩ እንዲዳረስ ከተማውን ተከፋፈሉት። ለጎረቤት እንዴት እንደሚቀዳ አስረዱ፤ የተሞላውን መልሰው ሰበሰቡ። ከ300ው ከ260 በላይ ተመለሰ። በፖስታ መጠይቅ የበተነ ተመራማሪ ሁሉ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ለኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ያን ያህል ናሙና በሳምንታት ውስጥ ሊመለስ የቻለው ሰው በሩን የከፈተው ለሚያውቀው ሰው ስለሆነ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለብቻው ቢሄድ እንዲህ አይሆንለትም ነበር። ነዋሪዎቹም ያለ ላቦራቶሪው ጠርሙሳቸውን ይዘው ከመጮህ አያልፉም ነበር።

ውጤቱ ከባድ ነው። ከተለኩት ቤቶች 10 በመቶው በመጀመሪያው ጠርሙስ ከ25 በላይ አሳየ። ቡድኑ ውጤቱን ጆርናል እስኪያወጣው አልጠበቀም። ድረ ገጽ ከፍቶ እየደረሰ ያለውን እያወጣ ሄደ። የዶክትሬት ተማሪው ሲድሃርታ ሮይ የዚህ ሥራ አንዱ ምሰሶ ነበር። ድረ ገጹ ላይ ከወጡት አንዱ ተራ ፎቶ ነው። ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ በሁለቱም ውስጥ ብረት። አንዱ የዲትሮይት ውሃ፣ ሌላው የፍሊንት። የፍሊንቱ ዝጎ ቀልቷል። ያንን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም። በመረጃ ነፃነት ሕግ የተገኙ የመንግሥት ኢሜይሎችም ለሕዝብ ተለጠፉ።

ገንዘቡስ? ከብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን በአስቸኳይ የተገኘው 50 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ፕሮፌሰሩ ከራሳቸው ኪስና በእጃቸው ከነበረው የምርምር ገንዘብ ያወጡት ነው። ይህንን የማነሳው ለሙገሳ አይደለም። ቀውስ ሲመጣ ለነዋሪ ጥያቄ የሚመደብ በጀት በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የለም። የምርምር ገንዘብ የሚለቀቀው ማመልከቻ ተጽፎ፣ ተገምግሞ፣ ወራት አልፈው ነው። ሰው ደግሞ ውሃውን ዛሬ ይጠጣል። አንድ ግለሰብ ከኪሱ ባያወጣ ኖሮ ሥራው የት ይደርስ ነበር የሚለው ጥያቄ እያንዳንዱ የዩኒቨርሲቲ አመራር ሊያስጨንቀው ይገባል።

ከውሃ ወደ ደም

ሴፕቴምበር 15 ቀን ቡድኑና ነዋሪዎቹ ከከተማው አዳራሽ ፊት ቆመው ውጤቱን ተናገሩ። የግዛቱ ሰዎች አሁንም አልተቀበሉም። እነዚህ ሰዎች በሄዱበት ሁሉ እርሳስ የሚያገኙ ናቸው የሚል መልስ ነው የሰጡት።

ነገሩን የቆረጠው የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሐና-አቲሻ ሥራ ነው። በሃርሊ ሆስፒታል ያክማሉ፣ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። ውሃው ውስጥ ካለ ልጆቹ ደም ውስጥም ይኖራል ብለው ተነሱ። የሆስፒታሉን የደም ምርመራ መዝገብ ከውሃው ለውጥ በፊትና በኋላ ብለው ለዩት። ሴፕቴምበር 24 ቀን ለጋዜጠኞች ተናገሩ። በኋላ በጆርናል የወጣው ጥናት እንዳሳየው በደማቸው ከፍ ያለ እርሳስ ያለባቸው ከ5 ዓመት በታች ልጆች ከ2.4 በመቶ ወደ 4.9 በመቶ አድገዋል። ውሃው በከፋባቸው ሰፈሮች ከ4.0 ወደ 10.6 በመቶ።

እዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሳው ሥራ አለ። የዚያው ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ተመራማሪ ሪቻርድ ሳድለር የፍሊንት ልጅ ነው። ከተማውን በእግሩ ያውቀዋል። የግዛቱ ጤና ቢሮ ልጆቹን የመደባቸው በፖስታ ኮድ ነበር። ችግሩ "ፍሊንት" የሚለው የፖስታ ኮድ ከከተማው ክልል ውጭ ይዘልቃል። በዚያ ኮድ ካሉት ቤቶች ሲሶ ያህሉ የፍሊንትን ውሃ አይጠጡም። የእነሱ ደህና ልጆች ከተጎዱት ጋር ሲደባለቁ ጭማሪው ይደበዝዛል። ሳድለር እያንዳንዱን ልጅ በቤቱ አድራሻ ካርታ ላይ አስቀመጠ። ጭማሪው ጎልቶ ወጣ። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መኖሩ ምን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ሐኪሟ ውጤቱን በጆርናል ሳይገመገም ለሕዝብ በማውጣታቸው ተወቅሰዋል። ትክክል አድርገዋል ብዬ አምናለሁ። ግምገማው ወራት ይፈጃል። በእነዚያ ወራት የሕፃን ወተት በዚያ ውሃ ይበጠበጣል። ስህተት ቢሆን የሚመጣው ጉዳት ሰው ለጥቂት ጊዜ የታሸገ ውሃ መጠጣቱ ነው። ልክ ሆኖ ዝም ቢባል የሚመጣው ጉዳት ግን የልጅ አእምሮ ላይ ነው። ሁለቱ አይመዛዘኑም።

ግዛቱ መጀመሪያ አጣጣለ። በቀናት ውስጥ የራሱን መረጃ እንደገና አይቶ አመነ። ኦክቶበር 16 ቀን ፍሊንት ወደ ዲትሮይት ውሃ ተመለሰች። በጃንዋሪ 2016 የግዛትና የፌዴራል አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። በዚያው ወቅት የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ የሚያመጣው የሳንባ ምች 90 ገደማ ሰዎችን መያዙና ሰው መግደሉም ይፋ ሆነ፤ የሟቾቹ ቁጥር በኋላ 12 ደርሷል።

ከድሉ በኋላ የመጣው ጠብ

ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃል። ጀግና ፕሮፌሰር፣ ጀግና ሐኪም፣ ያመነ መንግሥት። ከዩኒቨርሲቲ አንጻር ግን ከባዱ ምዕራፍ የጀመረው ገና አሁን ነው።

በጃንዋሪ 2016 ገዥው ባቋቋሙት አስተባባሪ ኮሚቴ ውስጥ ኤድዋርድስ አባል ሆኑ። ቡድናቸው የከተማውን ቤቶች ደጋግሞ ለካ። ውሃው እየተሻሻለ መሆኑንም ተናገረ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ፎስፌቱ ተመልሷል፣ ሽፋኑ እየተሠራ ነው፣ እርሳሱ እየቀነሰ ነው። በ2016 ሁለተኛ አጋማሽ የመንግሥት ልኬትም ከ15 በታች ገባ።

ነዋሪው ግን ይህን ዓይነት ንግግር ከዚያ በፊት ሰምቶታል። ለ18 ወራት "ውሃው ደህና ነው" ሲባል ከርሟል። አሁን ያው ቃል ከገዥው ኮሚቴ ከሚመጣ ሰው አፍ ወጣ። ገሚሱ አመነ። ገሚሱ ከዱን አለ። ፕሮፌሰሩ በበኩላቸው ያለ በቂ ማስረጃ ፍርሃት የሚነዙ ሰዎች አሉ ብለው በይፋ ተቹ። ሥጋታቸው ባዶ አልነበረም። በ2016 በአካባቢው የሺጌላ ተቅማጥ ተነስቶ ነበር። የጤና ሰዎች ነዋሪው በቧንቧ ውሃ እጁን መታጠብ መፍራቱን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ጠቅሰዋል። በ2018 ግን ብዙ ነዋሪዎችና አክቲቪስቶች በኤድዋርድስ አካሄድ ላይ ቅሬታ ያለበት ደብዳቤ ለሳይንሱ ማኅበረሰብ ጻፉ። እሳቸውም ሦስት ሰዎችን በስም ማጥፋት ከሰሱ። የጠየቁት ካሳ 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከተከሳሾቹ አንዷ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለውሃው የታገለች የፍሊንት እናት ናት። ክሱ በ2019 በፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ።

በዚህ ጠብ ውስጥ ማንንም ክፉ ማድረግ አልፈልግም። የሚታየኝ ይህ ነው። በ2015 ሣጥኑን ያዘዘው ነዋሪው ነው፣ ያደለው ነዋሪው ነው፣ ውጤቱንም ከፕሮፌሰሩ ጎን ቆሞ የተናገረው ነዋሪው ነው። ከ2016 በኋላ ልኬቱ ያው ሆኖ ሳለ ጥያቄው ተለወጠ። "ውሃው ደህና ነው ወይ?" የሚለውን የሚጠይቀው መንግሥት ሆነ፤ መልሱ ወደ ነዋሪው ከላይ ወረደ። የነዋሪው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነበር፦ ልጄ ምን ይሆናል? ቧንቧዬ መቼ ይወጣል? ማን ይጠየቃል? ለእነዚህ ጠርሙስ ውስጥ መልስ የለም። ዩኒቨርሲቲው ሚናው መቀየሩን በግልጽ ተናግሮ፣ ከነዋሪው ጋር ቁጭ ብሎ "ከእንግዲህ የምሠራው ይህን ነው፣ ይህንን ግን አልችልም" ማለት ነበረበት ብዬ አስባለሁ።

ቧንቧው የት ነው?

ሌላው ሥራ ያን ያህል አልተወራለትም። ቧንቧ ለመቀየር የትኛው ቤት የእርሳስ ቧንቧ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። የከተማው መዝገብ አሮጌ ካርታና በእጅ የተጻፈ ካርድ ነበር። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የፍሊንት ቅርንጫፍ መምህራንና ተማሪዎች ያንን ወደ ዲጂታል ካርታ ለወጡት። በአን አርበር ያለው ዋናው ግቢ ተመራማሪዎች ደግሞ የቤቱን ዕድሜ፣ አካባቢውንና የተቆፈረውን ውጤት ይዘው የትኛው ቤት ቢቆፈር እርሳስ እንደሚገኝ የሚገምት ፕሮግራም ሠሩ። በ2017 ከተቆፈሩት ቤቶች 70 በመቶ ገደማ ላይ የሚቀየር ቧንቧ ተገኘ።

በ2018 አዲስ የተቀጠረ ተቋራጭ ፕሮግራሙን ትቶ ሰፈር በሰፈር መቆፈር ጀመረ። ስኬቱ ወደ 15 በመቶ ወረደ። ከዚህ ጀርባ ከባድ የሕዝብ ግንኙነት ጥያቄ አለ። የጎረቤትህ ግቢ ተቆፍሮ ያንተ ሲታለፍ፣ "ኮምፒዩተሩ ያንተ ደህና ነው ብሏል" የሚለው መልስ አንዴ ለተዋሸ ሰው አይዋጥለትም። ትክክለኛ ግምት መሥራት አንድ ነገር ነው። ያንን ግምት አጥር ላይ ቆሞ ለሚጠይቅ ሰው ማስረዳት ሌላ ሥራ ነው፤ ሰውም ጊዜም ይፈልጋል። በ2019 በፍርድ ቤት በኩል በተደረሰ ስምምነት ፕሮግራሙ ወደ ሥራ ተመለሰ።

ሐና-አቲሻ ከተማዋን ለቀው አልሄዱም። የተጎዱ ሰዎች የሚመዘገቡበትና ከአገልግሎት ጋር የሚገናኙበት መዝገብ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥር ተቋቋመ። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ እሳቸው በሚመሩት ፕሮግራም የፍሊንት ነፍሰ ጡሮች በእርግዝና 1,500 ዶላር፣ ከወለዱ በኋላ ለአንድ ዓመት በየወሩ 500 ዶላር ማግኘት ጀመሩ። የገቢ ማጣሪያ የለውም። ከደም ምርመራ መዝገብ ተነስቶ እዚህ ለመድረስ ወደ 8 ዓመት ተኩል ፈጅቷል።

ቀውሱ ዓለም አቀፍ ዜና ሲሆን ፍሊንት በተመራማሪ ተጥለቀለቀች። ሁሉም መጠይቅ ይዞ ይመጣል፣ ሁሉም ደም ወይም ውሃ ይፈልጋል። ነዋሪው መጠናት ሰለቸው። በ2016 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሁለቱ ግቢዎች፣ ሚሺጋን ስቴትና የነዋሪዎቹ ድርጅቶች ኅብረት ሆነው የምርምር ማስተባበሪያ ማዕከል አቋቋሙ። ነዋሪዎቹ የራሳቸው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድም አላቸው። ፍሊንት ላይ ጥናት ለመሥራት የሚያስብ ተመራማሪ ሐሳቡን እዚያ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ቦርዱ የሚያየው ጥናቱ ለማኅበረሰቡ ምን እንደሚጠቅም፣ ሊያመጣ የሚችለው ጉዳት ምን እንደሆነ፣ ውጤቱም ወደ ነዋሪው እንዴት እንደሚመለስ ነው።